ማታ ማታ የምፈገፍገው መስታወት

ቀን 1

የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ችኩል ነኝ። የምሠራው ደመወዝ ክፍል ነው። ወር መጨረሻ ላይ ፋይል ታቅፋ ደረጃውን በሩጫ የምትወጣው ሴት እኔ ነኝ። ሰው ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ እሰጣለሁ። ስልክ ሁለቴ አያቃጭልብኝም። ዛሬ ማታ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በአንድ በርሜል ዙሪያ ቀስ እያልኩ ስዞር አመሸሁ። እጄ ላይ ክብ መስታወት ነበር።

ቴሌስኮፕ ልሠራ ነው። ከነመስታወቱ። ቱቦውንና ማቆሚያውን ሠርተው መስታወቱን የሚገዙ ብዙ ናቸው። እኔን የሳበኝ ግን መስታወቱ ራሱ ነው። ብርሃን የሚሰበስበው እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን መያዣ ነው። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 ባለመስታወት ቴሌስኮፕ ሲሠራ መስታወቱን የወለወለው በገዛ እጁ ነበር። የሥራው ጠባይ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም።

ቋንቋችን ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ለመስኮቱም፣ ፊታችንን ለምናይበትም አንድ ቃል ነው ያለን፤ መስታወት። እኔ የምሠራው ሥራ ደግሞ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው መለወጥ ነው።

መነሻው ይኸውና። ክብ ጥሬ መስታወት፣ ስፋቱ 150 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 1.1 ኪሎ ገደማ። ከሱ ሥር የሚሆነው መፈግፈጊያ በጀሶ የተሠራ ተመሳሳይ ክብ ነው፤ ላዩ ላይ የሴራሚክ ቁርጥራጮች ለጥፌበታለሁ። ጀሶው ውሃ እንዳይመጥ ቫርኒሽ ቀብቼዋለሁ። በርሜሉን በውሃ ሞላሁት፤ ስገፋው እንዳይነቃነቅ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለማመን ይከብዳል። መፈግፈጊያው ላይ ውሃና ሲሊከን ካርባይድ የሚባል ሻካራ ዱቄት ትረጫለህ። መስታወቱን ከላይ ታስቀምጥና ወደፊት ወደኋላ ትገፋለህ። ከጥቂት ግፊት በኋላ መስታወቱን በእጅህ ትንሽ ታዞራለህ፤ አንተም በበርሜሉ ዙሪያ አንድ እርምጃ ትሄዳለህ። በቃ፣ ይኸው ነው። የላይኛው ራሱ ጎድጓዳ ይሆናል፤ የታችኛው ጎባጣ ይሆናል። ምክንያቱም የላይኛው ከጠርዝ ሲወጣ ክብደቱ የሚያርፈው በራሱ መሃልና በታችኛው ጠርዝ ላይ ነው። የሚበላውም እዚያው ነው። አቅጣጫው ያለማቋረጥ ስለሚለዋወጥ ደግሞ ሁለቱ በሁሉም በኩል ሊገጣጠሙ የሚችሉበት አንድ ቅርጽ ብቻ ይቀራል። እሱም የሉል ቁራጭ ነው። ማሽን የለም፣ ቅርጽ ማውጫ የለም። እጅ እየተሳሳተ እንኳ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ቀን 2

ሒሳቡን ልጻፈው፤ ይህ ክፍል ለኔ ቤቴ ነው። የትኩረት ርቀቱ፣ ማለትም ብርሃኑ ከመስታወቱ ርቆ የሚሰበሰብበት፣ 1200 ሚሊሜትር እንዲሆን እፈልጋለሁ። መስታወቱ የተቆረጠበት ትልቅ ሉል ራዲየስ የዚያ እጥፍ ነው፤ 2400። የመስታወቱን ግማሽ ስፋት 75ን በራሱ አባዛሁና ለራዲየሱ እጥፍ፣ ለ4800 አካፈልኩ። 1.17 ሚሊሜትር መጣ። መሃሉ ላይ የሚያስፈልገኝ ጥልቀት ይህ ነው። ከመስታወቱ ተፈግፍጎ የሚወጣው ሁሉ ተሰብስቦ ቢመዘን 26 ግራም ገደማ ቢሆን ነው።

ለ26 ግራም ስንት ማታ እንደሚፈጅ አሁን ግድ አልሰጠኝም።

ቀን 4

80 ቁጥር ዱቄት። አቆጣጠሩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሻክራል። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ከፍተኛ ነው። ደቂቃ ሳይቆይ የዱቄቱ ቅንጣቶች እየተሰባበሩ ይደቅቃሉ፤ ድምፁም አብሮ ይሰክናል። ሹክሹክታ ሲሆን ያ ዙር አለቀ ማለት ነው። ትጠርገውና አዲስ ትረጫለህ።

እናቴ ከላይኛው ክፍል ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። ይህን ሥራ እንደጀመርኩ አልነገርኳትም ነበር።

«ምን እየፈጨሽ ነው ልጄ?»

«መስታወት።»

ትንሽ አየችኝ። «አንቺ?» አለች። «አንቺ ቆመሽ አንድ ነገር ስትሠሪ?»

ከዚያ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችኝም። ድምፁ ሲሰክን እሷም ታውቀዋለች፤ «አለቀ» ትለኛለች።

ቀን 6

ዛሬ ጠርዙ ተሸረፈ። ጥፋቱ የኔ ነው። የመስታወት ጠርዝ ሁልጊዜ በሰያፍ መሞረድ አለበት፤ ሁለት ሚሊሜትር ያህል። ሻካራው ዱቄት ግን ያንን ሰያፍ ቀን በቀን ይበላዋል። ጠርዙ እንደ ምላጭ ሲስል ትንሽ ግጭት ይበቃዋል። በየማታው ሥራ ከመጀመሬ በፊት በመሳያ ድንጋይ ማደስ ነበረብኝ። ትናንት አላደስኩትም፣ «ነገ» ብዬ አለፍኩት።

ሽራፊው የዛጎል ቅርጽ አለው፤ ወደ ውስጥ አራት ሚሊሜትር ገብቷል። መፈግፈጊያውን አስቀመጥኩና ብዙ ቆየሁ። መስታወቱን ልጥለው ነው ብዬ ነበር። በኋላ ሒሳቡን ሠራሁ። ሽራፊው ከጠቅላላው ስፋት ውስጥ አንድ መቶኛ እንኳ አይደርስም። የቀረው መስታወት ሥራውን ይሠራል። ጠርዙን በውሃና በድንጋይ አለዘብኩት፤ የሽራፊው ስለት እየተላቀቀ መስታወቱን እንዳይጭረው። ከዚያ ወደ በርሜሉ ተመለስኩ።

ቀን 8

ጥልቀቱን የምለካው እንዲህ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ መስታወቱ ላይ በመሃል አሻግሬ አስቀምጣለሁ። ከዚያ የፑንታ ጭራ በሥሩ ለማሳለፍ እሞክራለሁ። 1 ሚሊሜትሩ አለፈ። 1.2 አላለፈም። ዒላማዬ መሃላቸው ነው። ደቃቅ ዱቄቶቹም ትንሽ ስለሚያጎድጉዱ እዚህ ላይ ከ80 ተሰናበትኩ።

ቀን 9

ዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሆነውን መጻፍ አለብኝ።

የስሌት ወረቀቴን በስህተት ከደመወዝ ሰነድ ጋር አያይዤ ለአለቃዬ ልኬዋለሁ። አለቃዬ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው ናቸው። ከሥራ ውጪ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር።

«75 በ75፣ ሲካፈል ለ4800» ብለው አነበቡ። «ይህ የየትኛው ሠራተኛ ነው?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። ለምን እንደተውኩት አላውቅም። «የመስታወት ጥልቀት ነው ጋሼ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በርሜሉን፣ ዱቄቱን፣ ዱቄቱ መስታወቱ ላይ የሚተዋቸውን ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ ሽራፊውን። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ጉድጓዶቹን በምንድነው የምታያቸው?»

በባዶ ዓይን አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በባዶ ዓይንማ አይታይም።»

ቀን 10

ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ትንሽ ጥቁር ነገር ተቀምጦ አገኘሁ። ዓይን ላይ የሚሰካ የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር ነው፤ 10 እጥፍ ያጎላል። አለቃዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ አሮጌ የእጅ ሰዓት ይጠግናሉ። ለሰው አይደለም፣ ለገንዘብም አይደለም። የሞተ ሰዓት ይፈታሉ፣ ያጥባሉ፣ ይገጥማሉ። ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎማ በሰዓት 18,000 ጊዜ ስትመታ መስማት ይበቃቸዋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ።

ቀን 13

120 አለፈ። 220 ላይ ነኝ። ከዱቄት ወደ ዱቄት ስሸጋገር የማደርገውን ልመዝግብ። ሁሉንም ነገር አጥባለሁ፤ በርሜሉን፣ መፈግፈጊያውን፣ ባልዲውን፣ ጥፍሬን። ልብስ እቀይራለሁ። አንድ የ80 ቁጥር ቅንጣት የሆነ ቦታ ተሸሽጋ ብትቀር የብዙ ማታ ሥራ በአንድ ግፊት ትጭራለች። ዱቄቱን ምንጊዜም እርጥብ አድርጎ መያዝም ግዴታ ነው። ደረቅ ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ሁለቱ ገጽታዎች በትክክል እየተነካኩ መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። መስታወቱ ላይ በእርሳስ መስመር አሰምራለሁ፤ ቁልቁልና አግድም። ደረቅ መስታወቱን መፈግፈጊያው ላይ ቀስ ብዬ ጥቂት ጊዜ እገፋለሁ። መስመሩ በየቦታው እኩል ከጠፋ መልካም ነው። መሃል ላይ ብቻ ከቀረ መሃሉ ገና አልተገናኘም። ዛሬ እኩል ጠፋ።

ቀን 16

ጭረት። ከ320 ጋር ስሠራ ክርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ቀድማኝ «ምንድነው?» አለች። አጉሊውን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ሳይ ከመሃል እስከ ጠርዝ የሚሄድ ቀጭን መንገድ አየሁ። መፍትሔው አንድ ነው፤ ወደ 220 መመለስ። ሦስት ማታ ሥራ።

ቢሮ ውስጥ አንድ ፋይል ቢጠፋና ሦስት ቀን ቢመልሰኝ ቀኑን ሙሉ የምነጫነጭ ሰው ነኝ። እዚህ ግን አጠብኩ፣ ልብሴን ቀየርኩ፣ 220ን ረጨሁ። ለምን እንዲህ እንደሆነ እያሰብኩ ነው የገፋሁት። መስታወቱ አይጠብቀኝም። ማንም ውጤቱን በዚህ ቀን አምጪ አላለኝም። ስቸኩል የኖርኩት ሰው ስለሚጠብቀኝ ይሆን? እናቴ «በልጅነትሽ እንዲህ አልነበርሽም፤ ድንጋይ ስትደረድሪ ትውይ ነበር» አለችኝ። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ቀን 24

320፣ 500፣ ከዚያ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት፤ መጀመሪያ 12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው)፣ ቀጥሎ 5። ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ የማልፈው ስላልደከመኝ አይደለም። ሥራው አንድ ዓይነት ነው፤ ዱቄቱ ብቻ ይደቅቃል። አሁን መስታወቱ ልክ እንደ ቀዝቃዛ ማለዳ መስኮት ነው፤ ነጭ ጭጋግ የለበሰ። በአጉሊ መነጽሩ ሳየው ጉድጓዶቹ ሁሉ እኩል ናቸው። የተለየ ትልቅ የለም።

ቀን 26

የቅጥራን ቀን። መስታወት የሚወለወለው በቅጥራን ላይ ነው። ቅጥራን የሚገርም ነገር ነው። በመዶሻ ስትመታው እንደ ድንጋይ ይሰባበራል። ቀስ ብለህ ስትጫነው ግን እንደ ማር ይፈስሳል። ለዚህ ነው የተመረጠው። ከመስታወቱ ቅርጽ ጋር ቀስ እያለ ይስማማል፤ ለፈጣን ግፊት ግን አይበገርም።

ውጭ ሆኜ በትንሽ እሳት አቀለጥኩት፤ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ቤት ውስጥ አይደረግም። መፈግፈጊያው ላይ ዙሪያውን ወረቀት ጠምጥሜ አፈሰስኩት። መጠንከር ሲጀምር መስታወቱን በሳሙና ውሃ አርሼ ጫንኩበት። ቅጥራኑ የመስታወቱን ቅርጽ ያዘ። ከዚያ በቢላዋ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጌ ሰነጠቅኩት፤ ውሃው እንዲመላለስ። አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ የአራት ማዕዘኖቹ መሃል ከመስታወቱ መሃል ጋር እንዳይገጥም። ከገጠመ መስታወቱ ላይ ቀለበት ይሠራል።

ጥንካሬውን በአውራ ጣት ጥፍር ፈተሽኩት። ጥቂት ሰከንድ ስጫነው ምልክት ያዘ። ጥሩ መሰለኝ። በኋላ እንዳየሁት ጥሩ አልነበረም።

ቀን 27 እስከ 33

ውልወላ። ዱቄቱ አሁን ሴሪየም ኦክሳይድ ነው፤ ቀላ ያለ ቡናማ። ጥፍር ሥር ይገባና ለቀናት አይለቅም። መሥሪያ ቤት አንዷ ባልደረባዬ «ሂና ነው?» አለችኝ። «መስታወት ነው» አልኳት። ሳቀችና ሄደች። ሁለተኛ ቀን ተመልሳ «የምርሽን ነው እንዴ?» አለችኝ።

ጭጋጉ መሃሉ ላይ መጀመሪያ ገለጥ አለ። ከዚያ ወደ ጠርዝ እየሰፋ ሄደ። በጠቅላላው አሥር ሰዓት ገደማ ፈጀ። መስታወቱ በቅጥራኑ ላይ ሲሄድ ድምፅ የለውም፤ እጅ ላይ የሚሰማ የመጎተት ስሜት ብቻ አለ። ስሜቱ እኩል ከሆነ ግጥሙ እኩል ነው።

በነዚህ ማታዎች ስለ ዊልያም ኸርሸል ብዙ አሰብኩ። ሙዚቀኛ ነበር። እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ውስጥ ኦርጋን ይጫወትና ያስተምር ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን መስታወት ይወለውላል፤ የሱ መስታወት ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተሠራ ነበር። እህቱ ካሮላይን እንደጻፈችው አንድ ጊዜ 16 ሰዓት ሙሉ እጁን ሳያነሳ ወልውሏል፤ ምግብ የምታጎርሰው እሷ ነበረች። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1781 በዚያ የቤት ሥራው ቴሌስኮፕ ዩራነስን አገኘ። የዚያ መስታወት ስፋት ከኔው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ 6.2 ኢንች። የኔ 6 አይሞላም። በአዳራሹ ሙዚቃውን ይሰሙ ከነበሩት ስንቶቹ ጣቶቹ ማታ ምን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር?

ቀን 34

የፉኮ ፍተሻ። ሊዮን ፉኮ ይህን ዘዴ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። የሚያስፈልገው ትንሽ መብራት፣ አንድ ምላጭና ጨለማ ክፍል ብቻ ነው። እኔ እስካሁን ካየሁት ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል የለም።

መስታወቱን ክፍሉ ጫፍ ላይ አቆምኩት። 2400 ሚሊሜትር ርቄ በቀጭን ስንጥቅ የሚወጣ መብራት አኖርኩ። ብርሃኑ ሄዶ ተመልሶ አጠገቡ ይሰበሰባል። እዚያች ነጥብ ላይ ዓይኔን ሳስጠጋ መስታወቱ በሙሉ እንደ ጨረቃ በራ። ከዚያ ምላጩን ቀስ ብዬ ከጎን አስገባሁ። ጥላ መጣ። ያ ጥላ የመስታወቱን ጥፋት መቶ ሺህ ጊዜ አጉልቶ እንደ ተራራና ሸለቆ ያሳያል።

ከመመዘኔ በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። ጣቴን መስታወቱ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳረፍኩና ተመልሼ አየሁ። ጣቴ ባረፈበት ቦታ ላይ ጉብታ ቆሟል! ከሰውነቴ ሙቀት የተነሳ መስታወቱ አብጧል። ጉብታው ዓይኔ እያየ ቀስ እያለ ጠፋ። እናቴን ጠራኋትና እሷም ጣቷን አስነካች። የእናቴን ጣት ሙቀት መስታወት ላይ በዓይኔ አየሁት። ሁለታችንም ጨለማው ውስጥ ዝም አልን።

ከዚያ ምዘናው። መሃሉ ጥሩ ነው፤ ልስልስ። ጠርዙ ግን ወደታች ታጥፏል። ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን መስመር አለ። ቅጥራኑ ከመጠን በላይ ለስላሳ ስለነበር ጠርዙ ላይ ብዙ በልቷል።

ቀን 35 እስከ 41

አዲስ ቅጥራን፣ ጠንከር ያለ። አጭር ግፊት። ጠርዙን ለብቻው ማረም አይቻልም፤ ሌላውን ሁሉ ወደሱ ማውረድ ነው። እያንዳንዱ ማታ ግማሽ ሰዓት ውልወላ፣ አንድ ሰዓት መጠበቅ፣ አሥር ደቂቃ ፍተሻ። መጠበቁ ግዴታ ነው። ከእጅ የሞቀ መስታወት ይዋሻል። ያንን ሰዓት ምንም ሳልሠራ ተቀምጬ አሳለፍኩት። ስልኬ ሌላ ክፍል ነበር።

በሰባተኛው ማታ ምላጩን ሳስገባ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ፣ እኩል ግራጫ ሆነ። ሉል ነው።

ቀን 42

ሉል ግን አይበቃም። ከሩቅ የሚመጣ ብርሃንን በትክክል አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበስበው ፓራቦላ የሚባለው፣ መሃሉ ከሉል ትንሽ ጠለቅ ያለ ቅርጽ ነው። በኔ መስታወት የሁለቱ ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። በጣም ከሚቀርበው ሉል ጋር ብናመሳክረው ከ70 ናኖሜትር ገደማ አይበልጥም። የሰው ፀጉር አንድ ሺህ ቦታ ቢሰነጠቅ የአንዱ ስንጣቂ ያህል ነው። ይህን በእጅ ነው የምሠራው።

ግፊቱ ይቀየራል። መስታወቱን ወደ ጎን እያወጣሁ ዚግዛግ እገፋለሁ፤ መሃሉ በጥቂቱ እንዲጠልቅ። አሥር ደቂቃ ሠርቼ አቆምኩ። ከሉል እያለፉ መሄድ ቀላል ነው፤ መመለስ ከባድ ነው።

ቀን 47

መብራቱ ባለበት ቆሞ ምላጩ ብቻ ሲንቀሳቀስ፣ የመሃሉና የጠርዙ ብርሃን የሚሰበሰብበት ቦታ በሒሳብ 2.34 ሚሊሜትር መራራቅ አለበት። የመጀመሪያው ቀን 0.8 ነበር። ከዚያ 1.3። ከዚያ 1.9። ዛሬ 2.2።

አንድ ዙር ልጨምር ወይስ ልተው? ጠዋት ለአለቃዬ ቁጥሩን ነገርኳቸው። «ሰዓት ስጠግን» አሉኝ፣ «ከሁሉ የከበደኝ መቼ እጄን እንደምሰበስብ ማወቅ ነበር።» ሌላ አልጨመሩም።

ተውኩት።

ቀን 48 እስከ 58

የኮምፔንሳቶ ሳጥን፣ ቱቦ፣ ብሎኖች። የእንጨቱ ሥራ ቶሎ ሄደ። ማቆሚያው በጆን ዶብሰን ስም የሚጠራው ዓይነት ነው፤ ሣጥን መሬት ላይ የሚሽከረከር፣ ቱቦው ከፍና ዝቅ የሚል። ዶብሰን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ ገዳም የሚኖር መነኩሴ ነበር። ከመርከብ መስኮት በተገኘ መስታወት ቴሌስኮፕ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ከገዳሙ እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ቴሌስኮፖቹን እግረኛ መንገድ ላይ አቁሞ ለአላፊ አግዳሚው ሰማይ ያሳይ ጀመር። ብሎኖቹን ሳጠብቅ ያሰብኩት ስለሱ ነው። ዶብሰን የሚወደውን ነገር ለብቻው አልያዘውም።

ቀን 59

መስታወቱ ገና አልሙኒየም አልተቀባም። ያልተቀባ መስታወት ከሚደርሰው ብርሃን 4 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚመልሰው። ለጨረቃ ግን ይበቃል። ዛሬ ግማሽ ጨረቃ ነበረች።

እናቴና አለቃዬ መጡ። አዎ፣ አለቃዬ ቤቴ መጡ። ሁለቱ ሰላምታ ተለዋወጡና ስለኔ ያወሩ ጀመር፤ አላዳመጥኩም። 25 ሚሊሜትሩን የዓይን ሌንስ ገጠምኩ፤ 48 እጥፍ ያጎላል። ጨረቃን ፈልጌ አገኘሁ። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር። ወደ ውስጥ ትንሽ ገፋሁት።

የብርሃንና የጨለማው ድንበር ላይ ተራሮች ቆሙ። የጉድጓዶቹ ጠርዝ በርቶ ውስጣቸው ጥቁር ነው። አንድ ጉድጓድ መሃል ላይ ብቻዋን የምታበራ ጫፍ ነበረች። ፀሐይ ተራራው አናት ላይ ደርሳ ሥሩ ገና አልነጋም።

አለቃዬ ተራቸው ሲደርስ መነጽራቸውን አወለቁ። ማስተካከያውን በሁለት ጣት ያዙና የፀጉር ያህል አንቀሳቀሱት። እኔ በትክክል ያስተካከልኩት መስሎኝ ነበር። ሳየው ግን ይበልጥ ጠርቷል። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ገብተው አንድ የእጅ ሰዓት አወጡና ለእናቴ ጆሮ አስጠጉ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

ቀን 73

መስታወቱ ተቀብቶ መጣ። አልሙኒየሙ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ክፍል ውስጥ ተንኖ የተለጠፈ ነው፤ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር አካባቢ። ፊቴን አየሁበት፤ ትልቅ ሆኖ። ሽራፊው ጠርዙ ላይ አለ፣ በግልጽ ይታያል። ትንሽ የወረቀት ቀለበት በትክክል መሃሉ ላይ ለጠፍኩ፤ ይህን መስታወትና ብርሃኑን ወደ ዓይን ሌንሱ የሚመልሰውን ትንሹን ጠፍጣፋ መስታወት ለማስተካከል ይጠቅመኛል።

ቀን 75

ጁፒተር። 120 እጥፍ። ሁለት ጠቆር ያሉ ቀበቶዎች፣ አጠገቡ በአንድ መስመር አራት ነጥቦች። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው እነዚያው ናቸው። ቦታቸውን ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥኩ። ከዚያ ጠበቅኩ። አዮ የምትባለው በ42 ሰዓት ተኩል አንድ ዙር ትጨርሳለች፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ማታ ስትሄድ ያያታል።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ወረቀት ላይ እንደገና ነጥብ አስቀመጥኩ። ሁለቱን ወረቀቶች ደራርቤ መብራት ላይ ያዝኳቸው። ሦስቱ ነጥቦች ብዙም አልተንቀሳቀሱም። አዮ ወደ ጁፒተር ተጠግታለች።

ሁለቱን ወረቀቶች ነገ ጠዋት ለአለቃዬ እወስዳለሁ። ባልደረባዬም «ቅዳሜ እኔም ልይ» ብላለች። እሷ ደግሞ ግጥም ትጽፋለች፤ ይህን ትናንት ነው የነገረችኝ። ለቅዳሜ የሚቀረኝ የቱቦውን ውስጥ ጥቁር ቀለም መቀባትና የታችኛውን ሣጥን አንድ እግር ማጥበቅ ነው።